ስምንት ሰከንድ የሚቆይ ኮርድ፦ ብቻውን አልበም ለመሥራት ለተነሣ ኪቦርድ ተጫዋች

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ማታ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይሠሩት የነበረውን ሲምፎኒክ ፕሮግረሲቭ ሮክ (እንደ ሲምፎኒ ረዝሞና በክፍል ተከፋፍሎ የሚሠራ ሮክ) አጥብቄ እወዳለሁ። በዚያ ስልት ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ ድንበር እስኪሻገር ያለውን ጉዞ የሚተርክ፣ ዘፈን የሌለበት፣ የራሴ አልበም ልሠራ ነው። ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕና አንድ የድምፅ ካርድ ነው። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ሳይኖሩኝ ያ ድምፅ ይመጣልኛል? የፈረንጅ ቅጂ እንዳይሆንብኝስ ምን ላድርግ? ድራሙንም ባሱንም ራሴው በኪቦርዱ ልጫወታቸው አስቤአለሁ።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ድምፁ ይመጣል። መሣሪያዎቹ ራሳቸው አያስፈልጉህም፤ የሚያስፈልግህ እነሱ በተጫዋቹ ላይ ጥለውት የነበረው ገደብ ነው። ገደብ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፤ አንተው በራስህ ላይ ትጥለዋለህ። ኪቦርድ ከነካሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ እዚሁ ባሕር ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል የሰው ሙዚቃ መቅረጽ ከጀመርሁም ሰንብቻለሁ። በዚህ ስልት ሞክረው ያልሆነላቸውን ልጆች ሁሉ ያሰናከላቸው አንድ ነገር ነው፦ ላፕቶፑ ሁሉን ስለፈቀደላቸው ሁሉን አደረጉ።

ከድሮዎቹ መሣሪያዎች መጀመሪያ ሜሎትሮንን እንይ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ መሠራት የጀመረ መሣሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሲያዩት ኦርጋን ይመስላል እንጂ ድምፁን የሚያገኘው ከቴፕ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እውነተኛ ቫዮሊን፣ ዋሽንት ወይም የመዘምራን ድምፅ የተቀረጸበት ቁራጭ ቴፕ ተዘርግቷል። ቁልፉን ስትጫን ቴፑ ይሄዳል፣ ስትለቅ በስፕሪንግ ተስቦ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በ1970 የወጣው ኤም 400 የሚባለው ዓይነት 35 ቁልፍና 35 ቴፕ ነበረው። የአንዱ ቴፕ ርዝመት ስምንት ሰከንድ ገደማ ነው። ከስምንት ሰከንድ በኋላ ጣትህ ቁልፉ ላይ ቢሆንም ድምፁ የለም።

ይህ ጉድለት ምን እንዳስከተለ አስብ። ተጫዋቹ አንድን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን) ይዞ መተኛት አይችልም። ከስምንት ሰከንድ በፊት እጁን አንሥቶ እንደገና መጫን፣ ወይም አንዱን ጣት ሲለቅ ሌላውን እያስገባ ኮርዱን ማሸጋገር አለበት። ስለዚህ በዚያ ዘመን አልበሞች የምትሰማው የመዘምራን ድምፅ ይተነፍሳል። የተነፈሰው ቴፑ ስላለቀ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የምንጭነው የዚያው መሣሪያ ናሙና (የተቀዳ ድምፁ) ግን ብዙ ጊዜ ማለቂያ እንዳይኖረው ተደርጎ ይሠራል፤ እጅህን ጭነህ ቡና አፍልተህ ብትመለስ እንኳ ይዘምራል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሥራውን ይዞልኝ መጣ። መዘምራኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በክረምት ጧት በጣና ላይ እንደሚተኛ ጉም ሁሉንም ሸፍኖታል። ድምፁ ያማረ ነበር፣ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጆሮ መስማቱን ይተወዋል። ኪቦርዱን ሰጠሁትና አጠገቡ ቆሜ «አንድ፣ ሁለት…» እያልሁ ጮክ ብዬ ቆጠርሁለት። ሰባት ላይ እጁን እንዲያነሣ፣ ስምንት ላይ እንደገና እንዲጭን አደረግሁት። በመጀመሪያው ዙር ተናደደ። በሁለተኛው ዙር ጣቶቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ፤ የታችኛው ድምፅ ቀድሞ ይለቃል፣ የላይኛው ይዘገያል። በሦስተኛው ዙር ዜማውን ራሱን ለውጦ ትንፋሹ በሚወድቅበት ቦታ ላይ አሳረፈው። ፕሮግራሙ ያው፣ ኪቦርዱ ያው፤ ጉሙ ግን ተገፎ ሰዎች መዘመር ጀመሩ። አንተም በሜሎትሮን ድምፅ በምትጫወትበት ክፍል ሁሉ ስምንት ሰከንድን ሕግ አድርገው። ፕሮግራምህ የቴፑን ርዝመት የሚገድብ ምርጫ ካለው ክፈተው፣ ከሌለው በአፍህ ቁጠር።

ሃሞንድ ኦርጋን ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ቢ 3 የሚባለው ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከየትም ብታስመጣው ሌላ ጣጣ ይጠብቅሃል። ድምፁን የሚያወጡትን ጥርሳም ጎማዎች የሚያሽከረክረው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሞገድ ነው። ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራውን በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ብትሰካው መሣሪያው በሙሉ በአንድ ማይነር ሦስተኛ (በሦስት ግማሽ ድምፅ) ያህል ዝቅ ብሎ ይጫወታል። ስለዚህ ናሙናውን ያዝ፤ በነጻ የሚገኙ ጥሩ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። አጨዋወቱን ግን ከፒያኖ ለየው። ኦርጋን የጣት ክብደት አያውቅም፤ ቁልፉን በቀስታም በኃይልም ብትነካው ያው ነው። ስለዚህ የኪቦርድህን የንክኪ ስሜት አጥፋና ጉልበቱን ሁሉ በእግር ፔዳል ወደ ድምፁ መጠን አዙረው። ከሁሉ በላይ ድምፅ የሚያዘገየውን ፔዳል ከእግርህ ሥር አውጣው። ሆቴል ውስጥ ሁላችንም እግራችንን እዚያ ፔዳል ላይ ተክለን እንውላለን፤ ኦርጋን ግን ያ ድምፅ የሚያዘገየው ፔዳል የለውም፤ ኦርጋኒስት የሚያያይዘው በጣቱ ነው። በዚህ አንድ ልማድ ብቻ አንድ ሰው ከፒያኖ መጥቶ ኦርጋን እንደሚጫወት ከአሥር ሰከንድ በኋላ አውቀዋለሁ።

ከኦርጋኑ ጋር የሚሄደው ሌስሊ የሚባለው የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ነው። በዝግታ ሲዞር በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ፣ በፍጥነት ሲዞር 400 ገደማ ይዞራል። ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ቀላሉ የላይኛው ቀንድ ቶሎ ይነሣል፣ ከባዱ የታችኛው ከበሮ እየጎተተ ይከተላል። ሽግግሩን በዜማው መካከል አትጣለው፤ አንድ ሐረግ ሊያልቅ ሲል ጀምረውና የሚቀጥለው ሲገባ ጫፍ ይድረስ። የኦርጋኑን ድምፅ የሚቀላቅሉትን ዘጠኙን የሚሳቡ ዘንጎች ደግሞ ሁሉንም አትክፈታቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እስከ መጨረሻ ሳባቸውና ሌሎቹን ተዋቸው፤ አንድ ሙሉ ክፍል በዚያ ብቻ ተጫወት። ሌላ ዘንግ የምትስበው ሙዚቃው ሲለምንህ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው መሣሪያ ከልቤ የምወደው ነው። በ1970 የወጣው ሚኒሞግ የሚባለው ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ኖታ ብቻ ነው፤ ኮርድ የለውም። ሁለት ቁልፍ ብትጫን የታችኛውን ይመርጣል። እኛ አገር ይህ ገደብ አዲስ አይደለም። ማሲንቆም አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ይዞ ስንት መቶ ዓመት አልቅሷል። አዝማሪው ኮርድ ስለሌለው ነው ጣቱ ከኖታው ወደ ኖታው ሲንሸራተት፣ በኖታው ራስ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ከታች ወጥቶ ሲደርስበት ያን ሁሉ የሚናገረው። የሞግህን ሶሎ እንደ ፈረንጅ ኪቦርዲስት በፍጥነት ሽቅብ ቁልቁል አታሩጠው። ግራ እጅህን በድምፅ ማጠፊያው መዘውር ላይ አኑርና ቀኝህ የሚነካውን እያንዳንዱን ኖታ እንደ ማሲንቆ አስቀምጠው። በፈለግህ ሌሊት አንድ አዝማሪ ቤት ሂድ፤ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተትና የግራ እጁን ጣቶች ብቻ ተመልከት። ከማንኛውም የኪቦርድ ትምህርት የበለጠ ታገኝበታለህ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። «የፈረንጅ ቅጂ እንዳይሆን» ስትል ብዙዎቹ የሚሰጡህን ምክር አውቀዋለሁ፦ ክራር ጨምርበት፣ ዋሽንት አስገባ፣ መሃል ላይ እስክስታ አምጣ። ይህ ልብሱን መቀየር ነው። ሰውነቱ የሚለየው በቅኝቱ ነው፤ ቅኝት ደግሞ የእኛው ገደብ ነው፣ አምስት ኖታ።

ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለም፣ ሲ የለም። የፈረንጆቹ ሲምፎኒ ግን የቆመው ሲ ወደ ዶ ሲሳብ በሚፈጠረው ጉጉት ላይ ነው። ልማድ ሆኖብህ በትዝታ ዜማ ሥር ሲና ፋ ያሉበትን የሶልን ሰባተኛ ኮርድ አስገብተህ ወደ ዶ ብትመለስ ትዝታው በዚያች ቅጽበት ይሞታል፤ የምረቃ ማርሽ ይሆናል። ከአምስቱ ኖታዎች ሳትወጣ የምታገኛቸው ሙሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ሌላው ሁሉ ክፍት አምስተኛና አራተኛ ነው፦ ዶና ሶል፣ ሬና ላ፣ ላና ሚ። በእነዚህ ኑር። ባሱን አንድ ቦታ ላይ ትከለውና ከላዩ ክፍቶቹን አምስተኛዎች አንቀሳቅስ፤ ሰማዩ ሲለዋወጥ መሬቱ አይነቃነቅም። በ1970ዎቹ የዚህ ስልት ጌቶች ከነበሩት አንዱ፣ የጄነሲስ ባንዱ ኪቦርዲስት ቶኒ ባንክስ፣ በማይነቃነቅ ባስ ላይ ኮርዶችን በማንሸራሸር የታወቀ ነው። የእሱ ብልሃትና የእኛ በገና ባሕርይ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

አሁን የሲምፎኒው ጉዳይ፤ ከቅኝት ወደ ቅኝት መሻገር። ሁለት በሮች ላሳይህ። የመጀመሪያው፦ ከዶ የተነሣው ትዝታ ሜጀርና ከላ የተነሣው ባቲ ማይነር ኖታዎቻቸው አንድ ናቸው። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብለህ ቁጠረው። ቀኝ እጅህ አንድም ኖታ ሳይለውጥ ባሱን ብቻ ከዶ ወደ ላ ብታወርደው ሙሉው ዓለም ይጨልማል። እንዲሁ ከፋ የተነሣው ትዝታ ማይነርና ከዶ የተነሣው አምባሰል አንድ ናቸው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። በዚህ ውስጥ ሬ ፍላት ሜጀርና ፋ ማይነር ታገኛለህ፤ ሁለቱን በስምንት ሰከንዱ መዘምራን ብትይዛቸው ከእኔ ሌላ ምክር አትጠይቅም።

ሁለተኛው በር የበለጠ ሰፊ ነው። ትዝታን በሜጀርም በማይነርም፣ ባቲን በሁለቱም፣ አምባሰልንም ከዶ አስነሥተህ ጎን ለጎን ጻፋቸው። በሁሉም ውስጥ ዶና ሶል አሉ። ስለዚህ ዶንና ሶልን በኦርጋኑ ይዘህ ዜማውን ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ብታሻግረው ወለሉ አይናድም። አንቺሆዬ ብቻ ይለያል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሶል የለውም። በአንቺሆዬ ወለሉ ራሱ ይከዳሃል። ይህን ጉልበት በየቦታው አትዝራው። በአርባ ደቂቃ አልበም ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሰሚው ሁሉም ነገር የታወቀው በመሰለው ቦታ፣ ሶሏን ከሥሩ አውጣበትና አንቺሆዬን አስገባ። እኔ እንዲህ ያለውን ቦታ ስሰማ ደረቴ ላይ ነው የሚሰማኝ።

ርዝመቱን አትፍራ። የሃያ ደቂቃ ሙዚቃ የመጣው ከሸክላው ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ሲጨናነቅ ድምፁ ይደክማል። የዚያን ዘመን ሙዚቀኞች አንድ ሙሉ ገጽ የሚሞላ ሥራ የጻፉት በዚያ ልክ ነው። አንተ ሸክላ ባታሳትምም ሁለት ገጽ እንዳለህ ቁጠር፦ ሃያና ሃያ፣ መሃል ላይ የሚገለበጥበት ዝምታ። ኢንተርኔቱ ሰባ ደቂቃ ስለፈቀደልህ ሰባ ደቂቃ አትሥራ።

ሃያውን ደቂቃ በምን እንደምትሞላው ከጠየቅኸኝ ወደ ለንደን አልልክህም። እዚሁ ከተማ ውስጥ በበዓል ዋዜማ ማሕሌት ቁም። ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ እንዴት እንደሚያሳድጉት ልብ በል። መጀመሪያ በቁም ይባላል፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ቀጥሎ ዝማሜ አለ፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይዘማል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ይገቡና መረግድ ይሆናል። ጽፋት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጭብጨባው ይወርዳል። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማውም ያው። የተለወጠው ፍጥነቱ፣ እንቅስቃሴውና ማን ገባ የሚለው ነው። አዲስ ዜማ ሳይጨምሩ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ያቆሙታል። ይህ ከሲምፎኒክ ሮክ ብልሃት ጋር አንድ ነው፤ መጀመሪያ በለሆሳስ በአንድ መሣሪያ የተሰማች አጭር ዜማ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ በሙሉ ባንድ ተሸክማ ትመለሳለች። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እለምንሃለሁ፦ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ወስደህ ከድራም ሥር አትጣለው። ባለቤት ያለው ቅዱስ ነገር ነው። አካሄዱን ተማር፣ ዜማውን ራስህ ውለድ።

በዚያ ስልት የሚወደደው ያልተለመደ ምትም ከሌላ ቦታ ተበድረህ የምታመጣው መሆን የለበትም። አምስት ምት የሚጫወተው ብዙ ልጅ ጣቱን እየቆጠረ ስለሚጫወት ሰሚውም አብሮት ይቆጥራል። ሰንጎ መገን የሚባለውን የግጥም ቤት አስታውስ፤ አምስት ቀለም፣ አምስት ቀለም። «ጣና ዳር ቆሜ፣ ውሃው ሲናገር» ብለህ እየደጋገምህ በቤትህ ውስጥ ተራመድ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አምስት ምት በእግርህ ውስጥ ነው፤ መቁጠር የለም። በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ከጭክጭካው ጋር ይገጥምልሃል። ከስድስቱ ወደ አምስቱ ስታልፍ አንድ ቀለም እንደተዋጠች ቁጠረው፤ ሰሚው እንደ መንገድ መታጠፍ እንጂ እንደ ሒሳብ አይሰማውም።

ድራሙን በኪቦርድ ልጫወተው ያልኸውን አልስማማበትም፤ እዚህ ላይ ልዘግይ። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራ አይችልም ማለቴ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘሮቹን ራሱ ተጫውቶ፣ ምቱን ለማሽን ሰጥቶ ብቻውን አልበም ሠርቷል፤ ዛሬም የሚሰማ ግሩም ሥራ ነው። ግን ያ ሙዚቃ የተሠራው በማይናወጥ ምት ላይ ለመንሳፈፍ ነው። ማሽኑ ባሕርዩ ነበር። የአንተ ሙዚቃ የሚነሣ፣ የሚወድቅ፣ የሚቆም፣ የሚሮጥ ነው። ሰው ያስፈልገዋል።

«የራሴ አልበም» ሲባልም ብቻ ተቀምጦ መሥራት ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ሪክ ዌክማን በ1973 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች ርዕስ አድርጎ ያወጣው አልበም የኪቦርዲስት ብቸኛ ሥራ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ከበስተኋላው ግን «የስ» የሚባለው የራሱ ባንድ ሰዎች ተጫውተውበታል። ከእሱም በፊት ስዊድናዊው ኦርጋኒስት ቡ ሀንሰን በ1970 ዘፈን የሌለበት፣ ከአንድ ታዋቂ ተረት የተነሣ አልበም አውጥቷል። ብዙውን የቀረጸው በስቶክሆልም አቅራቢያ ባለች ደሴት ላይ በሚገኝ የበጋ ቤት ሆኖ ነው፣ አንድ ድራም መቺ ይዞ። ደሴት፣ ኦርጋን፣ አንድ ከበሮ መቺ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ወደ ጣና ነው የማየው። በ1992 ደግሞ እዚያው ስዊድን ኤንግላጎርድ የሚባሉ ወጣቶች ሜሎትሮንና ሃሞንዱን መልሰው አነሡ፤ እንግሊዞቹን ወደዋቸዋል፣ ግን የአገራቸውን የሕዝብ ዜማ ትካዜ ይዘው ስለገቡ ቅጂ አልሆኑም።

ስለዚህ ድራም የሚመታ ጓደኛ ፈልግ፤ ሆቴል ከሆቴል ስትሠራ እንደምታውቃቸው አውቃለሁ። ብዙ ማይክሮፎን አያስፈልግህም። በዚያ ዘመን ብዙ ድራም በሦስትና በአራት ማይክሮፎን ይቀረጽ ነበር። አንዱን ከስኔሩ (ጠፍጣፋው ትንሽ ከበሮ) በላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ሁለተኛውን በመሬት ቶሙ (በእግሩ መሬት ላይ የሚቆመው ከበሮ) በኩል አቁመህ ወደ ስኔሩ አዙረው። ሁለቱ ከስኔሩ መሃል እኩል ይራቁ፤ በገመድ ለካ፣ በዓይንህ አትመን። ርቀቱ ከተዛባ ስኔሩ ይሳሳል። ሦስተኛውን ከትልቁ ከበሮ ፊት አድርገው። ባሱ በፒክ (በክር መምቻ) ይመታ፣ ድምፁ የጠራ ይሁን፤ በዚህ ስልት ባስ ከኋላ የሚደበቅ መሣሪያ አይደለም፣ ከኦርጋኑ ጋር ይከራከራል። አንተ በግራ እጅህ ባሱን ስትደርበው ክርክሩ ይጠፋል። ባሰኛው ከመጣ በኋላ ግራ እጅህን ከመካከለኛው ዶ በታች አታውርደው። ይህም ገደብ ነው፤ ለሆቴል ኪቦርዲስት ከባዱ እሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እዚያ ባሱ ሁልጊዜ የእኛው ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ቀረጻውን ከሰኔ በፊት ጨርስ ወይም እስከ መስከረም ቆይ፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የክረምት ዝናብ ሲጀምር ማይክሮፎን መክፈት ከንቱ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ እንቁራሪቶቹ ተራቸውን ይወስዳሉ። ኪቦርዱን ስትቀርጽ የላፕቶፑን ገመድ ንቀልና በባትሪ ሥራ፤ የመብራቱ እምምታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ነው የሚገባው፣ መብራት ቢሄድም ሥራህ አይጠፋም። በሚክሱ ላይ ድምፁን እስከ ጣራ አትግፋው። ስፖቲፋይ ሁሉንም ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ከዜሮ በታች ስለሚያስተካክለው ጨፍልቀህ ያጮህኸው ሥራ ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። በለሆሳስ የተጫወትኸው በለሆሳስ ይሰማ። ካለዚያ መረግዱ ሲገባ ማን ያውቃል?

አሁን ስለ ዓባይህ። ከግሽ እስከ ድንበር አልኸኝ። በጣም ሰፊ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ሰምተሃል፤ ሙሉውን ወንዝ የሚከተል አልበምም እንዲሁ ግንድ ይዞ ይዞራል። ከግሽ፣ ከሰከላ ምንጭ ተነሥ፣ ጣናን አቋርጥ፣ ከባሕር ዳር ውጣና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ጢስ ዓባይ ላይ ቁም። ይበቃል። ሁለት ገጽ ነው፦ እስከ ሐይቁ አንድ፣ ከሐይቁ በኋላ አንድ።

ሐይቁን በምን ትስለዋለህ? አሮጊቶቻችን ዓባይ በጣና ውስጥ ሲያልፍ ከሐይቁ ውሃ ጋር አይቀላቀልም ይላሉ። ይህን በሙዚቃ ልታደርገው ትችላለህ፣ ያውም ባሉህ መሣሪያዎች። መዘምራኑ ሐይቁ ይሁኑ፤ ሰፊ፣ በየስምንት ሰከንዱ የሚተነፍስ፣ ከአምባሰል ወደ ባቲ የሚዞር። በመካከሉ ሞጉ አንዲቱን የግሽ ዜማ ይዞ ይለፍ፤ በራሱ ትዝታ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ከሥሩ የሚዞረውን ኮርድ ሳይሰማ። አንዳንዴ ይጋጫሉ፣ ይጋጩ። በሌላኛው ጫፍ ሲወጣ ዜማዋ አንድ ኖታ ሳይጎድልባት ትውጣ። በዚያ ክፍል ላይ ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ለመዘምራኑ ስጥና ሞጉን ደረቅ አድርገው።

ፏፏቴው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ጢስ ዓባይ ሲባል ሁሉም ሰው ታላቅ ጩኸት ያስባል፤ ድራሙ፣ ኦርጋኑ፣ ሌስሊው በሙሉ ፍጥነት። አንተም ያንን እንዳሰብህ እገምታለሁ። በበጋ ሄደህ አይተኸው ታውቃለህ? ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ዓለቱ ባዶውን ይቆምና በአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ያየሁትን ፏፏቴ በዚያ ጥቁር ዓለት ላይ ስፈልገው ያለቀስሁበት ቀን አለ። ሁለቱንም አሰማን። መጀመሪያ የነሐሴውን ውሃ በሙሉ ባንድ አውርደው፤ ከዚያ አንድ በአንድ አስወጣቸው፣ ድራሙን፣ ባሱን፣ ኦርጋኑን። መዘምራኑ የመጨረሻ ስምንት ሰከንዳቸውን ይጨርሱ፣ ቴፑ እንዳለቀ ሁሉ ይቁረጡ። ሞጉ ብቻውን ይቅር።

ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት ግን የግሽን ዜማ በአንድ ጣት፣ ያለ ኮርድ፣ ያለ ምት ቅረጽና ላክልኝ። ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ዜማዋ ብቻዋን መሄድ ከቻለች ድራሙን ከፋሲካ በኋላ በእኔ ክፍል እንቀርጻለን፤ ማይክሮፎኖቹ አሉኝ፣ መለኪያውንም ገመድ አዘጋጃለሁ።